የኤስ ቅርጽ በሰውና በእንስሳት አካል ላይ፦ ዳስሶ የማግኘትና የመሣል ዝርዝር መመሪያ

ሥዕል መማር የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ቀጥ ያለ መስመር አታብዛ፣ አካሉን ኤስ (እንደ እንግሊዝኛው ፊደል S) አድርገው» የሚል ነው። ምክሩ ስህተት የለበትም። ችግሩ ኤሱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚታጠፍ አለመናገሩ ነው። ስለዚህ ጀማሪው የሰውን ጀርባም፣ እግርንም፣ የፈረስ አንገትንም በአንድ ዓይነት ሞገድ ይሞላዋል። የሚወጣው ነገር ከላስቲክ የተሠራ እንጂ አጥንት ያለው ፍጡር አይመስልም።

ይህ መመሪያ መንገዱን ገልብጦ ይሄዳል። መጀመሪያ ኤሱን በራሳችሁ ገላ ላይ በጣት ትፈልጉታላችሁ። ቀጥሎ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ታያላችሁ። መሣሉ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ለመሣል ፍላጎት የሌለው ሰው የመጨረሻውን ደረጃ ቢዘለው ብዙ አይጎድልበትም።

የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ካሜራ ያለው ስልክ ነው። በተጨማሪ አንድ ቱንቢ ያስፈልጋል። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ከሌላችሁ ክር ጫፍ ላይ ከበድ ያለ ነገር ብታስሩ ይበቃል። ፈቃደኛ ጓደኛ ካለ ሥራው በጣም ይቀላል፤ የራስን ጀርባ ማየት ከባድ ነውና።

ደረጃ 1፦ መዞሪያውን ማወቅ

ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ኤስ ጻፉ። አሁን እርሳሱን በመስመሩ ላይ ቀስ ብላችሁ አስኪዱት። መጀመሪያ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ከዚያ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። በሁለቱ መካከል ለአፍታ ወደየትም የማይዞርበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ነጥብ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ይህን ቦታ «መዞሪያ» እያልኩ እጠራዋለሁ። የመመሪያው ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

ሰው ኤስ ሲያይ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጉብታዎቹ ነው። በአካል ላይ ግን ጉብታዎቹ በሥጋ፣ በስብ፣ በፀጉርና በላባ ይደበቃሉ ወይም ይጋነናሉ። መዞሪያው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው አጥንት ከአጥንት ጋር በሚገናኝበት ወይም ክብደት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ መዞሪያውን ያገኘ ሰው ሥጋው አያታልለውም።

ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። የጻፋችሁት ኤስ ሁለት እኩል ቅስቶች ሳይኖሩት አይቀርም። አካል ላይ እንዲህ ያለ እኩልነት እምብዛም አይገኝም። አንዱ ቅስት ረጅምና ዘና ያለ ነው፣ ሌላው አጭርና ጠለቅ ያለ። ስለዚህ ማንኛውንም አካል ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ቅስቶቹ ወዴት ይዞራሉ? መዞሪያው የት ነው? የትኛው ይረዝማል?

ደረጃ 2፦ አከርካሪን በጣት መከተል

ከአከርካሪ የምንጀምረው ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚንጠለጠል ነው። የሰው አከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ 33 አጥንቶች አሉት። 7ቱ የአንገት፣ 12ቱ የደረት፣ 5ቱ የወገብ ናቸው። ከዚያ በታች ያሉት 5 አጥንቶች አዋቂ ሰው ላይ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መካከል እንደ አንድ ሆነው ተቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ ያሉት 4 የሚሆኑ ትናንሽ አጥንቶች የጅራት ቅሪት ናቸው።

አንገታችሁን ወደ ፊት ደፉ። ጣታችሁን ከማጅራት ወደ ታች ስታንሸራትቱ አንገት ከጀርባ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከሌሎቹ በልጦ የወጣ ጉብታ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ላይ 7ኛው የአንገት አጥንት ነው። የመጀመሪያው መዞሪያ እዚህ አካባቢ ነው። ከእሱ በላይ አከርካሪው ወደ ፊት ቀስት ሠርቷል። ከእሱ በታች ደግሞ ወደ ኋላ ይጎብጣል።

ወደ ታች ቀጥሉ። እጅ አይደርስም፣ ጓደኛ ያስፈልጋል። የጎድን አጥንት የመጨረሻው ተራ የሚያልቅበት ከፍታ ላይ የደረት አጥንቶች አልቀው የወገብ ይጀምራሉ። ሁለተኛው መዞሪያ እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ጀርባው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህ የወገብ ስርጉደት ነው።

ሦስተኛውን ለማግኘት የታችኛው ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ፈልጉ። ከመቀመጫ ከፍ ብሎ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ብዙ ሰው ላይ ይታያሉ። የዳሌው አጥንት ከቆዳ ጋር የሚቀራረብባቸው ቦታዎች ናቸው። ከእነሱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 5ኛው የወገብ አጥንት ከተጣበቁት አጥንቶች ጋር ይገናኛል። እዚህ መዞሪያው ዝግ ብሎ አይዞርም። በድንገት ይሰበራል ማለት ይቻላል።

ቁጠሩት። አንገት ወደ ፊት፣ ደረት ወደ ኋላ፣ ወገብ ወደ ፊት፣ ዳሌ ወደ ኋላ። አራት ቅስት፣ ሦስት መዞሪያ። እንግዲህ «የሰው አከርካሪ ኤስ ነው» የሚለው አባባል ልቅ አነጋገር ነው። ሁለት ኤስ ተቀጣጥሎ ነው ቢባል ይሻላል።

መዞሪያዎቹ ለሥዕል ብቻ አይደለም የሚጠቅሙት። ሐኪሞችም ዓይናቸውን የሚጥሉባቸው ቦታዎች ናቸው። የደረት አከርካሪ ከጎድን አጥንቶች ጋር ስለታሰረ ደረቅ ነው። የወገቡ ደግሞ እንደልብ ይታጠፋል። ደረቁና ታጣፊው የሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም ሁለተኛው መዞሪያ፣ ከከፍታ በመውደቅና በመኪና አደጋ አከርካሪ በብዛት ከሚሰበርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ትራስ) መንሸራተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው በወገቡ ግርጌ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ከሁለቱ የታችኛው ያረፈው ልክ ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ቅስቶቹ ከየት እንደመጡ ማየት

አራቱም ቅስቶች አብረውን አልተወለዱም። ሕፃን ሲወለድ አከርካሪው በሙሉ ወደ ፊት የታጠፈ አንድ ቅስት ነው፤ ማሕፀን ውስጥ ተጣጥፎ እንደነበረው። ከ3 እስከ 4 ወር አካባቢ ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ ሲጀምር የአንገቱ ቅስት ይጎላል። መቀመጥ፣ መቆምና መራመድ ሲመጣ ደግሞ የወገቡ ይከተላል። ስለዚህ የደረትና የዳሌ ቅስቶች የቆዩት ናቸው። የአንገትና የወገብ ቅስቶች ከክብደት ጋር በተደረገ ትግል የተገኙ ናቸው።

አሠራራቸውም ይለያያል። የደረቱ ጉብጠት በዋናነት የመጣው ከአጥንቶቹ ቅርጽ ነው። የአንገቱ በአብዛኛው በአጥንቶቹ መካከል ካሉት ዲስኮች የመጣ ነው፤ ዲስኮቹ ከፊት ወፈር፣ ከኋላ ሳሳ ይላሉ። ወገብ ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። የአንገትና የወገብ ቅርጽ በአቀማመጣችን ቶሎ የሚለዋወጠውም በዚህ የተነሳ ነው። ሞክሩት። ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ወገባችሁን ልቀቁት። ስርጉደቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ጀርባ በሙሉ ወደ አንድ ቅስት ይመለሳል።

ቺምፓንዚን ብታዩ ነገሩ የበለጠ ይገባችኋል። ቺምፓንዚ የወገብ አጥንቱ 3 ወይም 4 ብቻ ነው። የዳሌው አጥንትም ረጅም ስለሆነ የታችኛውን ወገብ ግራና ቀኝ ጨምድዶ ይይዘዋል። ስለዚህ ወገቡ እንደኛ አይሰረጉድም። በሁለት እግሩ ሲቆም ጉልበቱንና ዳሌውን ማጠፍ ግድ ይለዋል። እኛ ደግሞ ወገባችንን ወደ ውስጥ ሰርጉደን የላይኛውን አካል መልሰን ከእግራችን በላይ እናመጣዋለን። የወገባችን የታችኛዎቹ አጥንቶች ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያሉ ናቸው። ይህ ቅርጽ ወንዶች ላይ ሁለት አጥንቶችን፣ ሴቶች ላይ ሦስት አጥንቶችን እንደሚያካትት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ማብራሪያቸው እርግዝና ነው። ሆድ ወደ ፊት ሲከብድ ወገብ የበለጠ መሰርጎድ አለበት።

ደረጃ 4፦ በግድግዳና በቱንቢ መፈተሽ

ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ተረከዛችሁን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉ። መቀመጫ፣ የላይኛው ጀርባና የራስ ቅል ግድግዳውን ይንኩ። አሁን መዳፋችሁን ከወገባችሁ ኋላ አስገቡ። ብዙ ሰው ላይ እጅ ያለ ትግል ይገባል። ያ ክፍተት የወገቡ ቅስት ነው። ከአንገት ኋላም ሌላ ክፍተት አለ።

ከዚያ ከግድግዳው ተነሱና ጓደኛችሁ ከጎን ቱንቢውን አንጠልጥሎ ፎቶ ያንሳችሁ። ክሩን በጆሮ ቀዳዳ ትይዩ ይያዘው። ዘና ብሎ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ላይ ክሩ በጆሮ፣ በትከሻው መካከል፣ በዳሌው መገጣጠሚያ አካባቢ፣ ከጉልበቱ መካከል ትንሽ ፊት፣ ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ ያልፋል። አከርካሪው በዚህ ክር ዙሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ክሩን የሚያቋርጠው በግምት መዞሪያዎቹ ላይ ነው። ለሥዕል ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ቀጥ ያለ መስመር ሳይኖር ኤስ ምን ያህል እንደዞረ ማወቅ አይቻልም።

ክሩ ከጆሮ ተነስቶ ትከሻውን ስቶ ከትከሻው ፊት ቢወድቅ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ወጥቷል ማለት ነው። ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚውል ሰው ላይ ይህን በቀላሉ ታያላችሁ። መፍረድ አያስፈልግም። ለሠዓሊ የሰውየው ጠባይ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ደረጃ 5፦ ከኋላ ሲታይ ኤስ መኖር የለበትም

ይህን ደረጃ በአጭሩ ባልፈውም ችላ እንዳትሉት። እስካሁን ያየነው ኤስ ከጎን የሚታየው ነው። ሁለት እግሩ ላይ እኩል የቆመ ሰው ከኋላ ሲታይ አከርካሪው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከኋላም ኤስ ወይም ቅስት ከሠራ ስኮሊዮሲስ ሊሆን ይችላል። በራጅ ላይ ሲለካ ጥምዘቱ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው በዚህ ስም የሚጠራው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል እይታ አለ። ሰውየው እግሩን አቀራርቦ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ እጁን አንጠልጥሎ ወደ ፊት ይጎንበስ። ከኋላ ሆናችሁ ጀርባውን በዓይናችሁ ልክ እዩት። አንዱ የጎድን ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ፣ በተለይ በፍጥነት በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ፣ ለሐኪም ማሳየት ነው። በእጅ ተጭኖ ለማቃናት መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም።

ደረጃ 6፦ ክብደትን ወደ አንድ እግር ማዛወር

ጤነኛ አካል ከፊትና ከኋላም ኤስ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ሰው በአንድ እግሩ ሲደገፍ ነው። ግሪካዊው ቀራፂ ፖሊክሊቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ሐውልቶቹን እንዲህ ያቆማቸው ነበር። ከእሱ ቀደም ካሉት ድርቅ ብለው ከቆሙት ሐውልቶች አጠገብ ስታዩዋቸው ልዩነቱ ይገርማል።

መስታወት ፊት ቁሙና ክብደታችሁን በሙሉ ቀኝ እግራችሁ ላይ ጣሉ። የግራውን ጉልበት ዘና አድርጉት። የሚሆነውን በቅደም ተከተል ተከታተሉ። ቀኝ ዳሌ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይወጣል። ግራው ይወርዳል። አከርካሪው በተጋደለው ዳሌ ላይ ተተክሎ ስለሆነ ወደ ግራ ያዘነብላል። እንዲሁ ቢቀጥል ትወድቃላችሁ። ስለዚህ ከወገብ በላይ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ቀኝ ትከሻም ይወርዳል። በቀኝ በኩል ዳሌና ጎድን ተቀራርበው ቆዳው ይጨማደዳል። በግራ በኩል ጎኑ ይለጠጣል።

አሁን ቱንቢውን በአንገት ሥር፣ በሁለቱ የደረት የላይኛ አጥንቶች መካከል ካለው ጎድጓዳ ቦታ አንጠልጥሉት። ክሩ የሚወርደው ክብደት የተሸከመው እግር አጠገብ ነው። ይህ ሠዓሊዎች ዘወትር የሚጠቀሙበት ፍተሻ ነው። የሣላችሁት ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ የሚወድቅ ከመሰለ ይህ ክር የት እንደሚያርፍ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ይጋለጣል።

ደረጃ 7፦ እግር፣ ክንድና የተጋደመው አጥንት

እግርን ከጎን እዩት። የጭን አጥንት ራሱ በመጠኑ ወደ ፊት ቀስት የሠራ ነው፤ የፊት ለፊት ጡንቻው ይጨመርበታል። ስለዚህ ጭን ወደ ፊት ያብጣል። ከጉልበት በታች ነገሩ ይገለበጣል። ባት ወደ ኋላ ያብጣል። መዞሪያው ጉልበት ላይ ነው። ጀማሪ ጭኑንና ባቱን አንዱን ከሌላው በላይ ቀጥ አድርጎ ይደረድራቸዋል። በእውነቱ ግን ቅልጥም ከጭኑ ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ይህን ብቻ ብታስተካክሉ የሣላችሁት እግር ወዲያው ሰውየውን መሸከም ይጀምራል።

ከፊት ሲታይ ደግሞ ሁለት ሰያፍ መስመሮችን ያዙ። የባት ውጭኛው ጉብታ ከፍ ይላል፣ ውስጠኛው ዝቅ ይላል። ቁርጭምጭሚት ላይ ተቃራኒው ነው። ውስጠኛው አጥንት ከፍ፣ ውጭኛው ዝቅ። እነዚህ ሁለቱ ከተምታቱ እግሩ ግራ ይሁን ቀኝ አይታወቅም።

ክንድ ላይ ብዙ አልቆይም። መዳፍ ወደ ፊት ሲሆን የታችኛው ክንድ ከአካል ትንሽ ወደ ውጭ ይርቃል፤ መዞሪያው ክርን ላይ ነው። መዳፉን ወደ ኋላ ስታዞሩት አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ይሻገርና መስመሩ ይቀየራል።

ከሁሉም ይልቅ የጠራ ኤስ ያለው ግን ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ አግድም የተጋደመው አጥንት ነው። ክላቪክል ይባላል። ጣታችሁን ከአንገት ሥር ጎድጓዳ ቦታ አስነሱና ወደ ትከሻ አስኪዱት። ሁለት ሦስተኛው ያህል ወደ ፊት ጎብጧል። የቀረው አንድ ሦስተኛ ወደ ኋላ ይዞራል። የመጀመሪያው ጉብጠት ከኋላው ለደም ሥሮችና ወደ ክንድ ለሚሄዱ ነርቮች ቦታ ይተዋል። ይህ አጥንት በሚሰበርበት ጊዜ ደግሞ በብዛት የሚሰበረው መካከለኛው ክፍሉ ላይ፣ ወደ መዞሪያው ተጠግቶ ነው። መውደቅ በትከሻ ሲሆን የግጭቱ ኃይል በአጥንቱ ውስጥ ይሄዳል፤ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቀጭን ቦታ ይሰብረዋል። መዞሪያ ላይ ጣጣ ይበዛል ማለት ይህ ነው።

ይህን ኤስ ከፊት ስትሥሉት ይጠፋባችኋል። ከላይ ወደ ታች ሲታይ ነው የሚጎላው። ከፊት ስትሥሉ በመጠኑ የተወላገደ መስመር ብቻ አድርጉት።

ደረጃ 8፦ ወደ እንስሳት መሻገር

ፈረስ እዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ሰውን በማታለል የሚስተካከለው የለምና። የፈረስ አንገት ከውጭ ሲታይ ጋማው የሚሠራው ውብ ቅስት አለ። ሁሉም ሰው አከርካሪው ከጋማው ሥር የሚሄድ ይመስለዋል። የአጥንት ሥዕሉን ፈልጉና እዩት። አከርካሪው ከጆሮ ኋላ፣ ከአንገቱ የላይኛ ጠርዝ ተጠግቶ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ታች እየወረደ የአንገቱ ግርጌ ጋ ሲደርስ ከጋማው ይልቅ ወደ ጉሮሮው ወገን ይቀርባል። ከዚያም እንደገና ወደ ላይ ይታጠፍና በሁለቱ የትከሻ ሰሌዳዎች መካከል ይገባል። ላይ አንድ ቅስት፣ ታች ሌላ የተገለበጠ ቅስት። ትክክለኛ ኤስ ነው፤ ከጋማው ቅስት ጋር ግን አይገጥምም።

ታዲያ ከጋማው ሥር ያለው ምንድን ነው? ጡንቻ፣ ስብና አንድ ወፍራም ጅማት ነው። ጅማቱ ከራስ ቅል ኋላ ተነስቶ ትከሻው ላይ ወዳለው ጉብታ ይወጠራል። የዚያን ከባድ ጭንቅላት ሸክም ከጡንቻው ጋር ይጋራል። ጉብታው ራሱም አከርካሪው ወደ ላይ ስለጎበጠ የመጣ አይደለም። እዚያ ያሉ የአከርካሪ አጥንቶች ወደ ላይ ረጃጅም ዘንግ ስላላቸው ነው። ስለዚህ ፈረስ ስትሥሉ ሁለት መስመር አድርጉ። አንዱ የውጭ ቅርጽ ነው፣ ሁለተኛው በስሱ የተጫረ የአከርካሪ መንገድ። አንገቱ ሲወርድ፣ ሲነሳና ሲዞር የሚመራው ሁለተኛው ነው።

የፈረስ የፊት እግርም ልብ ይባልለት። ፈረስ ክላቪክል የለውም። የፊት እግሮቹ ከደረቱ ጋር የተያያዙት በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው። ድመት ክላቪክል አላት፤ ግን ትንሽ ናት፣ ከሌላ አጥንት ጋር ሳትያያዝ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጣለች። ጭንቅላቷ ባለፈበት ቀዳዳ ገላዋ ተከትሎ የሚያልፈው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው።

የኋላ እግር ላይ የተለመደ ስህተት አለ። «የውሻ ጉልበት ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው» ይባላል። አይደለም። የውሻም፣ የድመትም፣ የፈረስም ጉልበት ከሆድ አጠገብ ነው፤ የሚታጠፈውም እንደኛው ወደ ፊት ነው። ከኋላ ሾጠጥ ብሎ የሚታየው መገጣጠሚያ ተረከዝ ነው። ለማመን በጣቶቻችሁ ጫፍ ቁሙና ጉልበታችሁን በመጠኑ እጠፉ። ጭን ወደ ፊት፣ ቅልጥም ወደ ኋላ፣ የእግር መዳፍ እንደገና ወደ ፊትና ወደ ታች። የውሻ የኋላ እግር ይኸው ነው። ፈረስ ደግሞ አንድ ደረጃ ቀጥሎ በአንድ ጣት ጥፍር፣ ማለት በኮቴው፣ ላይ ቆሟል። አጥንቶቹ ስባሪ መስመር ይሠራሉ፤ ጡንቻ ሲለብስ ነው ኤስ የሚሆነው። መዞሪያዎቹን ጉልበትና ተረከዝ ላይ አድርጉ።

ወፎች የሚገርሙ ናቸው። ቀጭኔ ያን ሁሉ ርዝመት ይዛ የአንገት አጥንቷ 7 ብቻ ነው፤ እንደ እኛ፣ እንደ አብዛኞቹ አጥቢዎች። ዝይ የምትመስለው ትልቅ የውኃ ወፍ ስዋን ግን ከ20 በላይ አላት። ቀጭኔ አንገቷን እንደ ዘንግ የምታንቀሳቅሰው፣ ስዋን ደግሞ እንደልቧ የምትጠመዝዘው ለዚህ ነው። ሄረን የምትባለው አንገተ ረጅም የውኃ ወፍ 6ኛው የአንገት አጥንቷ የተለየ ስለሆነ አንገቷ እዚያ ላይ ስል መታጠፊያ አለው። ዓሣ ስታደን ኤሱን አጥብቃ ትሰበስብና በቅጽበት ትለቀዋለች። ስትበርም አንገቷን አጥፋ ነው። ሽመላ ግን አንገቷን ዘርግታ ትበራለች። ሰማይ ላይ ከሩቅ ሁለቱን ለመለየት ይህ ይበቃል።

አንገት የሌላቸው የሚመስሉ ወፎችም ኤስ አላቸው። ጉጉት 14 የአንገት አጥንቶች አሏት፤ ጭንቅላቷን 270 ዲግሪ ያህል ታዞራለች። ላባዋ ስለሚሸፍነው እንጂ አንገቷ ከሥር በኤስ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ደረጃ 9፦ የሚንቀሳቀስ ኤስ

እስካሁን ያየናቸው ኤሶች ቦታቸውን ይዘው የሚቆሙ ናቸው። እባብና ዓሣ ላይ ኤሱ ራሱ ይጓዛል። የእባብ የአከርካሪ አጥንት እንደ ዝርያው ከ200 እስከ 400 ሊደርስ ይችላል። በተለመደው አካሄዱ ቅስቱ ከአንገት ይነሳና ወደ ጅራት ይሄዳል። እያንዳንዱ ቅስት ድንጋይን፣ ሣርን ወይም የመሬትን ጉብታ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይገፋል። በጣም ለስላሳ ወለል ላይ የሚገፋው ስለሌለ ይንሸራተታል። ስትሥሉት እያንዳንዱ መታጠፊያ ከአንድ ነገር ጋር እንዲነካካ አድርጉ። ያለዚያ መሬት ላይ የተጣለ ገመድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከየት አቅጣጫ እንደምናይ ወሳኝ ነው። ዓሣ የሚዋኘው ገላውን ወደ ግራና ቀኝ በማወዛወዝ ነው። ስለዚህ ኤሱ የሚታየው ከላይ ነው፤ የጅራቱ ክንፍም ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ አጥቢዎች ናቸው። አከርካሪያቸው የሚታጠፈው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ በአራት እግራቸው ይሄዱ ከነበሩ ቅድመ አያቶቻቸው የወረሱት ነው። አቦሸማኔ በሙሉ ፍጥነቱ ሲሮጥ ጀርባው የሚሰበሰብበትና የሚለጠጥበት እንቅስቃሴ ከዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ የዶልፊንን ሞገድ የምታዩት ከጎን ነው፤ ጅራቱም የተጋደመ ነው። ዶልፊን ከጎን እየታየ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ዓሣ ሣላችሁ ማለት ነው።

ሞገዱም ሁሉም ላይ እኩል አይደለም። ረጅምና ቀጭን ዓሦች ገላቸውን በሙሉ ያወዛውዛሉ። እንደ ቱና ያሉ ፈጣን ዋናተኞች ግን የፊተኛውን ክፍል አጥብቀው ይይዙና ጅራታቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ቱናን እንደ እባብ ማጠማዘዝ ትልቅ ስህተት ነው።

ደረጃ 10፦ መሣል

አንድ ፎቶ ምረጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎን የተነሳ የቆመ ሰው ይሁን። ቀድማችሁ ቀጥ ያለ የቱንቢ መስመር በስሱ ጫሩ። ቀጥሎ ኤሱን አትሣሉ። ሦስቱን የአከርካሪ መዞሪያዎችና ጉልበቱን ብቻ በነጥብ አስቀምጡ። እያንዳንዱ ነጥብ ከቱንቢው ምን ያህል ፊት ወይም ኋላ እንደሆነ በእርሳስ ለኩ።

ከዚያ ሦስት ግዙፍ ክፍሎችን አስገቡ። ጭንቅላት፣ የጎድን አጥንቱ ሳጥን፣ ዳሌ። ሳጥኖቹ ቀጥ ብለው የተደራረቡ አይደሉም። የጎድኑ ሳጥን አናቱ ወደ ኋላ ጋደል ይላል፤ ዳሌው ደግሞ አናቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። ሁለቱን በትክክል ካዘነበላችሁ የወገቡ ስርጉደት በመካከላቸው ራሱ ይወጣል። ነጥቦቹን በአንድ እጅ እንቅስቃሴ አገናኙ። ጡንቻና የውጭ መስመር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የውጩን መስመር ስታወጡ ግራና ቀኙን ትይዩ አታድርጉ። በአንድ ወገን ያበጠ ቦታ ላይ ተቃራኒው ወገን ዘና ይላል፤ ጉብታዎቹም ከፍና ዝቅ እያሉ ይፈራረቃሉ። ሁለቱም ወገን እኩል ከፍታ ላይ ካበጡ ኤሱ ይሞታል።

ሥራችሁን ለመፈተሽ በስልክ ፎቶ አንሱትና ምስሉን ግራና ቀኙን ገልብጡት። የተንጋደደው ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ቅስቶቹ እኩል ሆነው ከታዩ አንዱን አሳጥሩት። የትኛው ማጠር እንዳለበት ካልገባችሁ ወደ ፎቶው ተመለሱና መዞሪያውን እንደገና ፈልጉ።

ሰውየው ልብስ ከለበሰ ነጥቦቹን ለማግኘት ልብሱን ተጠቀሙበት። ጨርቅ በቅስት ውስጠኛ ወገን ይጨማደዳል፤ በውጭኛው ወገን ይወጠራል። ከጎን ሲታይ የሸሚዙ መጨማደድ ወገብ ላይ ከኋላ ከተጠራቀመ ወገቡ ሰርጉዷል። ከፊት፣ ሆዱ ላይ ከተጠራቀመ ደግሞ ሰውየው ወገቡን ለቆታል፤ እዚያ ላይ ስርጉደት ብትጨምሩ የእሱን ጀርባ አልሣላችሁም።